ተጨማሪ መረጃ፦ የሕይወት መድን ለማን?

የሕይወት መድን ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው ሞት ራሱ ሳይሆን ከሟች ጋር አብሮ የሚቋረጠው ገቢ ነው። በሐረና ደን ዳርቻ ባለችው ሪራ ከብትና ቀፎ ያለው አባወራ ቢሞት ከብቱም ቀፎውም ለቤተሰቡ ይቀራሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ቢሞት ደግሞ፣ ሕጉ የሚጠይቀውን የአገልግሎት ዘመን ካሟላ፣ የትዳር ጓደኛው የጡረታ አበሉን ግማሽ፣ ልጆቹም የየድርሻቸውን ያገኛሉ። ከጎባ በሪራ በኩል ዶሎ መና ሰው የሚያመላልስ ባለሚኒባስ ግን፣ መኪናው በብድር የተገዛ ከሆነ፣ ሲሞት ገቢው ይቆማል፤ መኪናውም ለአበዳሪው ሊሄድ ይችላል። መድን በእርግጥ የሚያሻው እንዲህ ላለው ነው።

«እድር አለን» የሚል አይጠፋም። እድር ግን ቀብሩንና ሐዘኑን ለመሸከም እንጂ የዓመታት ቀለብና የትምህርት ወጪ ለመሸፈን አልተቋቋመም። የዋጋ ንረት የመድኑን ክፍያ ይበላዋል የሚለው መከራከሪያ ይበልጥ ይከብዳል፦ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ስለዚህ ቁጠባ አዘል የሆነ የረጅም ዘመን ውል ከመግባት፣ ልጆች እስኪደርሱ ወይም ዕዳው እስኪያልቅ ብቻ የሚቆይ፣ መጠኑም በየጊዜው የሚከለስ ውል ይመረጣል። በሃይማኖቱ ምክንያት ከወለድ ለሚርቅ ደግሞ ተካፉል የተባለው የመድን ዓይነት አለ።