ቀለም ገመና አይሸፍንም

አሮጌ መኪና ሊገዛ የሚሄድ አሜሪካዊ አንዲት ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ይከታል። ሻጩ የሞተሩን ጉልበት ሲያወራ እሱ ማግኔቷን በፓራፋንጎው፣ በበሩ ግርጌ፣ ከኋላ ጎማው በላይ ባለው ላሜራ ላይ ቀስ እያደረገ ያንሸራትታል። ብረት ባለበት ትጣበቃለች፤ ስርጉድ የሚሞላበት ስቱኮ በወፈረበት ትለቃለች። እንደ መስታወት ከሚያበራ ቀለም ሥር የተቀበረውን ጉድ ለማወቅ ከዚህ የረከሰ መሣሪያ የለም።

መኪናው የ1969 ሸቭሮሌት ካማሮ ነው እንበል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የዚያን ዓመት ሞዴል በኦሃዮና በካሊፎርኒያ የነበሩ ፋብሪካዎች ከ240 ሺህ በላይ ስላመረቱት ብርቅ አይደለም፤ ፈላጊው ግን ዛሬም ብዙ ነው። አሜሪካውያን “መስል ካር”፣ ጡንቸኛ መኪና፣ ከሚሏቸው ወገን ይመደባል። አንዳንድ ጠንቃቃ “የለም፣ ፖኒ ካር፣ አነስ ያለ ስፖርታዊ መኪና፣ ነው” ብሎ ይሟገታል፤ ሙግቱን ለእነሱው እንተወው። የዚያ ትውልድ ብልሃት ለትልቅ መኪና የተሠራን ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ቀለል ባለ መኪና ውስጥ መክተትና ዋጋውን ወጣት እንዲችለው ማድረግ ነበር። ብዙዎች መነሻውን ከ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ይቆጥራሉ። ዘመኑ ግን አጭር ሆነ፤ የኢንሹራንስ ክፍያ ናረ፣ የጭስ ሕግ ጠበቀ፣ በ1973 የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ ቤንዚን ጠጪ መኪና ጠላቱ በዛ። ያኔ በርካሽ የተሸጡት ዛሬ በየቤቱ ጋራዥ ውስጥ ተበትነው የሚታዩት ናቸው።

ከመበተኑ በፊት ግን ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ይህ ቀለም መነሳት አለበት ወይ? “ቡሊት” በተባለው የ1968 ፊልም ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን የነዳት አረንጓዴ ሙስታንግ መኪና በጃንዋሪ 2020 ፍሎሪዳ ውስጥ ለጨረታ ስትቀርብ ቀለሟ የጠወለገ፣ እዚህም እዚያም ዝገት የነካት ነበረች። ከኮሚሽን በፊት 3.4 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። አዲስ ቀለም ተቀብታ ቢሆን ኖሮ ዋጋዋ የሚጨምር አይመስለኝም። ፋብሪካ የቀባው ቀለም አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፤ ብዙ ሰው ይህ የሚገባው ማሽኑን ካስነሳ በኋላ ነው።

የእኛ ካማሮ ግን እንዲህ ያለ ክብር የለውም። አራት ጊዜ ተቀብቷል። የመጀመሪያ ቀለሙን የምትናገር ትንሽ ቆርቆሮ ሞተሩን ከተሳፋሪው በሚለየው ግድግዳ ላይ በሪቬት ተመትታለች። “72 ቢ” ካለች ገላው “ሃገር ኦሬንጅ”፣ ጣሪያው ጥቁር ቪኒል ነበር ማለት ነው። (ስሙ ለእኛ ጆሮ “አገር” የሚል ይመስላል፤ እነሱ አስፋልቱን እቅፍ አድርጎ የሚሄድ ለማለት ነው።) ፓራውልቱ፣ መብራቱ፣ መስታወቱ፣ በሮቹ ይወልቃሉ። እያንዳንዱ ብሎን ስሙ በተጻፈበት ከረጢት ይገባል፤ ይህን የናቀ ሰው ከዓመት በኋላ ጋራዡ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ብሎን ሲመርጥ ይውላል።

ቀለሙን እስከ ብረቱ መፋቅ ለምን አስፈለገ? ጄኔራል ሞተርስ በዚያ ዘመን የሚቀባው አክሪሊክ ላከር ነበር። ላከር የሚደርቀው ማቅጠኛው ተንኖ በማለቁ ብቻ ስለሆነ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ቲነር ሲነካው ይሟሟል። ፀሐይ ሲበዛበት ደግሞ ውሃው እንደሸሸው ኩሬ መሬት ይሰነጣጠቃል። በላዩ አዲስ ቀለም ቢነፋበት የአዲሱ ማቅጠኛ የአሮጌውን ስንጥቅ ያሳብጠዋል፤ ስንጥቁም ወራት ቆይቶ ወደ ላይ ይወጣል።

ለመፋቅ ያሉት መንገዶች ሁሉ የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ማስለቀቂያ በደቂቃዎች ውስጥ ቀለሙን ያኮማትረው ነበር፤ ትነቱ በዝግ ክፍል ሰው ስለገደለ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2019 ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ አገደው። ዛሬ የሚሸጡት ምትኮች ትዕግሥት ይጠይቃሉ። አሸዋ በግፊት መንፋት ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ላሜራው ወደ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚወፍር ኮፈንን የመሰለ ሰፊ ጠፍጣፋ ነገር አጣሞ ይተወዋል። የአሸዋው ብናኝም ሳንባ ይበላል። ስለዚህ ቤቱ የሚሠራ ሰው ለሰፊው ላሜራ ቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት፣ ለሥርቻው ኬሚካል ይዞ ሳምንታት ያሳልፋል። ከቀዩ ሥር ጥቁር፣ ከጥቁሩ ሥር ሰማያዊ፣ ከሁሉም በታች ያ ብርቱካናማ ብቅ ይላል። ራቁቱን የቀረ ብረት የጣት ላብ ብቻ ይበቃዋል፤ በነጋታው የጣቱ ቅርጽ ዝጎ ይታያል። ስለዚህ በዕለቱ የተፋቀው በዕለቱ ጸድቶ ኢፖክሲ ፕራይመር ይቀባል።

ዝገቱ የት እንዳለ ልምድ ያለው ሰው ሳይገልጥ ያውቃል። የቪኒል ጣሪያ ውሃ አቁሮ ይይዛል፤ የኋላው መስታወት ግርጌም እንዲሁ። ከዚያ የሚንጠባጠበው ውሃ የዕቃ መጫኛውን ወለል ይበላል። የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየዳል፤ በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን እዚህ ነጥብ፣ እዚያ ነጥብ እያሉ፤ ካልሆነ ሙቀቱ ብረቱን ያጨማድደዋል። ጣሪያው ከጎኑ ጋር የሚገናኝበትን ስፌት ፋብሪካው በእርሳስ ነው የሞላው። እርሳሱን በደረቁ መሞረድ መርዙን ወደ ቤት ማስገባት ነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው የባትላሜራ ነው። ቃሉ እንደ ላሜራ፣ እንደ ኮፈን፣ እንደ ፓራፋንጎ ከጣሊያን የመጣ ነው፤ ጋራዦቻችን ቋንቋውን ከጣሊያን ወርሰዋል። አሜሪካ የተሠራውን መኪና በሮም ቃል መበተን ደስ ይለኛል። ባትላሜራው ከውስጥ መመከቻ ብረት ደግፎ ከውጭ በመዶሻ ይመታል። ዐይኑን ብዙም አያምንም። በስስ የጥጥ ጓንት እጁን ላሜራው ላይ ሲያሳልፍ ዐይን ያላየውን ስርጉድ መዳፉ ያገኘዋል። የተለጠጠ ብረት ሲጫኑት እንደ ጣሳ ክዳን “ቋ” ብሎ ገብቶ ይወጣል፤ እሱን ለመሰብሰብ በትንሹ አግሎ ማቀዝቀዝ ያሻል።

ስቱኮ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እኛ የዱቄት ሳሙናን ሁሉ ኦሞ እንደምንለው አሜሪካኖች ስቱኮን ሁሉ “ቦንዶ” ይሉታል። ክፉ ስም የወጣለት ሰነፎች የዝገት ቀዳዳ ስለደፈኑበት ነው እንጂ በስሱ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ፣ በተቃና ብረት ላይ ሲውል ነውር የለበትም።

የቀለም ሥራ የሚበላሸውም የሚያምረውም ግን በማለስለሱ ላይ ነው። ወፍራም ፕራይመር ከተነፋ በኋላ በላዩ ስስ ጥቁር ቀለም እንደ ጉም ይበተናል። ከዚያ ክንድ በሚያህል ጠፍጣፋ እንጨት ላይ የተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት በሰያፍ ይሳባል። ጉብታው ላይ ያለው ጥቁር ቶሎ ይለቃል፤ ስርጉዱ ውስጥ ያለው ይቀራል። ይህ ሲደጋገም፣ ከቁጥር 180 ወደ 320፣ ከዚያ ወደ 400 እና 600 ሲባል፣ ክንድ ይዝላል። የ1969ኙ ካማሮ ደግሞ ከጎማው ቅስት ተነስቶ ወደ ኋላ የሚዘረጋ ስለታም መስመር አለው፤ አንድ ሰከንድ እጅ ከከበደ መስመሩ ደነዘ ማለት ነው። ባለቤቱ እዚህ ላይ ሲሰለች “የቀረውን ቀለሙ ይሸፍነዋል” ይላል። አይሸፍነውም፤ ያጎላዋል። ደብዛዛ ፕራይመር ብርሃንን ስለሚበትን ወጣ ገባነቱ አይታይም። ከቀለሙ በኋላ ክሊር የሚባለው አንጸባራቂ ግልጽ ቀለም ሲነፋበት ግን ገጹ መስታወት ይሆናል፣ የጎረቤት አጥርም በበሩ ላይ ተጣሞ ይታያል። በተለይ ጥቁር ቀለም ምንም አይምርም። ለጀማሪ ጥቁር አልመርጥለትም።

የመርጨቱ ቀን አጭር ነው፤ ጭንቀቱ ግን የወራቱን ያህላል። ጋራዡ በፕላስቲክ ይጋረዳል፤ አቧራ እንዳይነሳ ወለሉ በውሃ ይረጫል። በአሜሪካ ብዙ ጋራዥ ውስጥ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ስላለ ትንሿ ነበልባል መጥፋት አለባት፤ የቲነር ትነት እሷን ፈልጎ ይሄዳል። የዘመኑ ክሊር ማጠንከሪያ አይሶሳያኔት አለበት፤ አንዴ ሳንባን ካስቆጣ ዕድሜ ልክ አስም ሊያስይዝ ይችላል፤ ሽታው አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ማድረግ የግድ ነው። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የሌለው ሰው ይህችን አንዷን ቀን ለባለሙያ ቢሰጥ አያፍርም።

እጅ ከላሜራው እኩል ርቀት ጠብቆ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ምልልስ የቀደመውን ግማሽ ይደርባል። ከዘገየ ቀለሙ ይወርዳል፣ ከፈጠነ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል። የሲሊኮን ጠብታ ያረፈበት ቦታ ቀለሙ ሸሽቶ የዓሣ ዓይን የሚሉትን ክብ ጉድጓድ ይተዋል። ክሊሩ ሲደርቅ በቁጥር 1500 እና 2000 ወረቀት በውሃ ታሽቶ ይወለወላል።

ከዚያ መግጠም ነው። ኮፈኑን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ያወርዳል፤ ማዕዘኑ አዲሱን ፓራፋንጎ እንዳይቧጭር ጠርዙ ሁሉ በፕላስተር ተለብጧል። እንዲያም ሆኖ አንድ ቦታ መቧጨሩ አይቀርም። የተረፈችው ቀለም ክዳኗ ላይ “72” እና ቀኑ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ የምትቀመጠው ለዚህ ነው።