ዱምዱም፦ ጥይትን ከጥይት የለየው ሕግ

ጥይት ሁሉ ይገድላል። ታዲያ አንዱን ፈቅዶ ሌላውን መከልከል ምን ይባላል? ይህ ጥያቄ ከ120 ዓመት በላይ አከራክሯል። ክርክሩ እንዲገባን አስቀድመን ጥይት ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ።

ጥይት የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ በሄደበት ሁሉ ሥጋውን እየጨፈለቀ የሚተወው ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው ለዓይን አይታይም። ፈጣን ጥይት ሲያልፍ በዙሪያው ያለውን አካል ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ከጥይቱ ብዙ እጥፍ የሚሰፋ ክፍተት ለቅጽበት ተከፍቶ ይከደናል። ጡንቻና ሳንባ ስለሚለጠጡ ብዙውን ጊዜ ይችሉታል። ጉበት ግን አይችልም፤ ጥሬ ጉበት በእጁ የያዘ ሰው እንደሚያውቀው ቶሎ ይሰነጠቃል። በራስ ቅል የታጠረው አንጎልም መፈናፈኛ የለውም።

የጉልበቱ ዋና ምንጭ ፍጥነት ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ 8 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር በሰከንድ 350 ሜትር ያህል ሲያስወነጭፍ 500 ጁል ገደማ ጉልበት ይይዛል። ክላሽ በክብደት ተመሳሳይ የሆነ አረር በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ስለሚልክ ጉልበቱ ወደ 2,000 ጁል ይጠጋል።

ይሁንና ጉልበት መያዝ አንድ ነገር ነው፤ እሱን ሰውነት ውስጥ ማራገፍ ሌላ። በቬትናም ጦርነት ቁስለኞችን ያከመው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ማርቲን ፋክለር በኋላ በጄላቲን ላይ እየተኮሰ ይህን አሳይቷል። የተለመደው የክላሽ ጥይት ከመገልበጡ በፊት 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ አጥንት ሳይነካ ጭን በስቶ ቢወጣ ቁስሉ አንዳንዴ የሽጉጥ ያህል ነው። በቬትናም የዋለው የኤም 16 ጠመንጃ ጥይት ግን ጉልበቱ ቢያንስም፣ 12 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ተገልብጦ ስለሚሰባበር የከፋ ቁስል ያደርሳል።

ጉልበቱን የማራገፊያው ሌላ መንገድ ጥይቱ ራሱ እንዲከፈት ማድረግ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እንግሊዞች በካልካታ አቅራቢያ ባለው የዱምዱም የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ጫፉ ላይ እርሳሱ የተገለጠ፣ ዱምዱም የተባለ ጥይት ሠሩ። ሥጋ ሲነካ ጫፉ ይጠፈጠፋል፣ ይሰፋል፣ ጉልበቱን እዚያው ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ1899 የሄግ ጉባኤ እንዲህ ያለውን ጥይት በጦርነት ከለከለ። እንግሊዝና አሜሪካ ተቃወሙ፤ የእንግሊዙ ልዑክ ጆን አርዳግ ክርክር በቅኝ ግዛት ጦርነት የሚገጥሟቸውን ተዋጊዎች ተራ ጥይት አያቆማቸውም የሚል ነበር። እንግሊዝ ስምምነቱን የተቀበለችው በ1907 ነው።

ነገሩ እኛንም ነክቷል። ፋሽስት ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1935 እና 1936 የሰናፍጭ ጋዝ በኢትዮጵያውያን ላይ እያዘነበች፣ ኢትዮጵያን በዱምዱም ጥይት ተጠቃሚነት ለመንግሥታት ማኅበር ትከስ ነበር።

ዛሬ በጦር ሜዳ የተከለከለው ተከፋች ጥይት በብዙ አገር ፖሊስ እጅ ይገኛል። ምክንያቱ የሚገርም ነው፦ ጥይቱ በተመታው ሰው ውስጥ ስለሚቀር ከኋላ ያለውን መንገደኛ የመምታት ዕድሉ ያንሳል። የኒው ዮርክ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደዚህ ጥይት ሲዞር ያቀረበው አንዱ መከራከሪያ ይኸው ነበር።

የሄጉ ሕግ የሚናገረው ስለሚከፈትና ስለሚጠፈጠፍ ጥይት ብቻ ነው፤ ስለሚገለበጠውና ስለሚሰባበረው በስም ያለው ነገር የለም። ቁስለኛ የተቀበለ ሐኪም ግን የጥይቱን ዓይነት አያስቀድምም። የሚያስቀድመው የት እንደገባ፣ ምን እንደነካና ምን ያህል ደም እንደፈሰሰ ማወቅን ነው።