የደጀን ጎመን ለምን ጊዜ ይፈልጋል?

ደጀን ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ያላት ከተማ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ገደማ ላይ ነው። ቁልቁለቱን ወርዶ ዓባይ ድልድይ አጠገብ የጣደ ሰው ግን 96 ገደማ ያገኛል። ለድስት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በደጀን እሳት ቢቆሰቆስ ውሃው ቶሎ ይመጠጣል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ጠንከር ያለ የጎመን ቅጠልን የሚያለሰልሰው ጊዜ ነው።

የማወራው ስለ ሀበሻ ጎመን ነው፤ ጥቅል ጎመን ሌላ ነው። ሀበሻ ጎመን ዝናብ ሲጥል ፍግ በጠገበ ጓሮ ይዘራል፤ አናቱ ሳይነካ ቅጠሉ ከሥር ከሥሩ እየተቀነጠሰ ክረምቱን ያከርማል። በጃፓን ይሠራ የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ኡ ናጋሃሩ በ1935 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የዚህን ቤተሰብ ዝምድና አሳይቷል፤ ሀበሻ ጎመን ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን የተዳቀለ ነው። ጥሬ ቅጠሉ ሲታኘክ አፍንጫ ድረስ የሚወጣው ማቃጠል የሰናፍጭ ወገኑ ውርስ ነው። ዘይት ያለው ፍሬው ደግሞ ምጣድ ማሰሻ ይሆናል። በ2012 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ከዚሁ ዘይት በተሠራ ነዳጅ ጄት በርሯል፤ ለጓሮ ተክል ይህ ትንሽ ክብር አይደለም።

ወደ ምድጃው እንመለስ። ለ1 ኪሎ ጎመን 2 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 1 ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብልና 3 ወይም 4 ቃሪያ ይበቃል። ጎመኑ አፈሩ እስኪለቅ ይታጠብና በፈላ ውሃ ሳይከደን ይቀቀላል። ክዳን ከተደረገበት ከቅጠሉ የሚወጣው አሲድ እዚያው ታፍኖ አረንጓዴውን ያጠወልገዋል። የመጀመሪያውን ውሃ ሁልጊዜ የሚደፉ አሉ። እኔ ግን ይህ ላረጀ፣ ለመረረ ቅጠል ብቻ የሚገባ ይመስለኛል፤ ለጋው ቅጠል ውሃው ሲደፋ ጣዕሙም ቫይታሚን ሲውም አብሮ ይሄዳል።

የተቀቀለው ይጨመቅና በስሱ ይከተፋል። ሽንኩርቱ በጥቂት ውሃ ይቁላላል፤ ሲለሰልስ ዘይት ይገባል። እዚህ ላይ መጥቆር የለበትም፤ ጎመን የሚያምረው ሽንኩርቱ ሳይጠቁር ነው። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ መዓዛቸውን ሲሰጡ ጎመኑ ይጨመርና አሁን ይከደናል። እሳቱ ይቀነሳል፤ ከሰል ከሆነ በአመድ ሸፈን ይደረጋል። ግማሽ ሰዓት ያህል፣ አልፎ አልፎ እየተማሰለ፣ ሲደርቅ ጠብታ ሙቅ ውሃ እየተጨመረለት ይቆያል። ቅጠሉ በጣት ሲጫኑት ከላላ፣ ዘይቱም በድስቱ ዳር ብልጭ ካለ ደርሷል። ቃሪያው በመጨረሻ ተሰንጥቆ ይገባል፤ ቀድሞ ከገባ ማቃጠሉን እንጂ ሽታውን አያስቀርም።

ጎመን በፍልሰታ ጾም፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ፣ ጓሮ ሲሞላ ገበታውን ይይዛል። እህል በጎተራ ሲሳሳ ቤተሰብን የሚያሻግረውም እሱ ነበር፤ በመስቀል ሰሞን የጎመን ምንቸት ወጥቶ የገንፎ ምንቸት ይግባ የሚባለው ከዚያ ችግር የተነሳ ነው። ዛሬ በጾም በያይነቱ ላይ ከምስርና ከሽሮ አጠገብ ይቀርባል፤ ለፍስክ ደግሞ ቅቤና አይብ ይጨመርበታል። የተረፈው በማግስቱ በዝግታ ይሞቃል፤ ቅመሙ አድሮ ስለሚዋሃድ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ይጣፍጣል።