የጠመንጃው መዝጊያ አልገባ ሲል፦ አትግፉት፣ ምክንያቱን ፈልጉ

እስቲ አስቡት። ወሩ ኖቬምበር፣ ቦታው ሚኒሶታ ነው። የአጋዘን (የዲር) አደን በተከፈተበት ዕለት ገና ሳይነጋ ብርቱካናማ ጃኬታችሁን ደርባችሁ ጫካ ገብታችኋል። ሰዓቱ ደረሰ። ጠመንጃውን ልታቀባብሉ መዝጊያውን ወደፊት ገፋችሁት። ሄደ፣ ሄደ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። እጀታው ወደታች አልወርድም አለ። ያኔ እጅ ቀድሞ የሚያስበው ምንድን ነው? በመዳፍ ደህና አድርጎ መምታት!

እሷን ነገር ተዉ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያች ቅጽበት ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ብዙ ተከታታዮቻችን አደን መውጣት ጀምራችኋል። አገር ቤት ደግሞ ከአባት ወይም ከአያት የተረፈ ጠመንጃ ያለው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ሁለቱም ጋ ያለው መሣሪያ ባብዛኛው አንድ ዓይነት አሠራር ያለው ነው፤ መዝጊያው በእጅ ወደኋላ እየተሳበ፣ ወደፊት እየተገፋ ጥይት የሚጎርስ። ፈረንጆቹ "ቦልት አክሽን" ይሉታል።

ነገርዬው እንዴት ነው የሚሠራው?

መዝጊያውን ወደፊት ስትገፉት ከካዝናው ላይ አንድ ጥይት ይዞ ወደ ቻምበሩ ያስገባል። ቻምበር ማለት በርሜሉ ጫፍ ላይ ለጥይቱ በልኩ የተቦረቦረ ቤት ነው። ጥይቱ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ትከሻው ሲያርፍ እጀታውን ወደታች ታወርዱታላችሁ። ያኔ በመዝጊያው ራስ ላይ ያሉት ጥርሶች ዞረው ከብረቱ ጋር ይቆላለፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣው የጀርመኑ ማውዘር ይህንን አሠራር በደንብ ያደላደለ ሲሆን፣ የዛሬዎቹ የአደን ጠመንጃዎች ብዙዎቹ የእሱ ልጆች ናቸው።

ያ መቆለፊያ ምን እንደሚሸከም ታውቃላችሁ? 308 ዊንቸስተር የሚባለው የታወቀ የአደን ጥይት የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 62,000 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። የመኪና ጎማ በ35 አካባቢ ነው የሚነፋው። ከ1,700 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው! ይህ ሁሉ የሚፈነዳው ደግሞ ከጉንጫችሁ አጠገብ ነው። እንግዲህ መዝጊያው አልዘጋም ሲል "የሆነ ነገር በልኩ አልተቀመጠም" እያላችሁ ነው። በጉልበት መዝጋት ማለት ይህንን ማስጠንቀቂያ አፍኖ ቃታ መሳብ ማለት ነው።

ከሁሉም በፊት

አፈሙዙን ሰው፣ ቤትና መንገድ ወደሌለበት አቅጣጫ አዙሩ። ጣታችሁን ከቃታው አርቁ። ከዚያ መዝጊያውን በእርጋታ ወደኋላ ስባችሁ ጥይቱን አውጡ። አንድ ልብ በሉ፦ አንዳንድ ጠመንጃ ላይ ሴፍቲው ሲያዝ መዝጊያውም አብሮ ይቆለፋል። ጥይቱን ለማውጣት ሴፍቲውን መልቀቅ ግድ ይሆናል ማለት ነው። ያኔ የአፈሙዙ አቅጣጫና የጣታችሁ ነገር እጥፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ቤት ውስጥ በእውነተኛ ጥይት "እስቲ ልሞክረው" ማለት ፈጽሞ አይቻልም። ለሙከራ ባሩድም መቀጣጠያም የሌለው የመለማመጃ ጥይት በርካሽ ይሸጣል።

1. መጀመሪያ፦ የት ላይ ነው የቆመው?

ግማሹን ምክንያት የሚነግራችሁ ይሄ ጥያቄ ነው።

ገና መንገድ ሳይጀምር ከቆመ ወይም የጥይቱ አፍንጫ ከፊት ካለው ብረት ጋር ከተላተመ ችግሩ ያለው ካዝናው ላይ ነው። ካዝናው በደንብ ሳይገባ ቀርቶ ይሆናል፣ ከንፈሩ ተጣሞ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ጥይቱ ጎብጦ ተቀምጧል። መዝጊያው ወደፊት ሄዶ ጥይት ሳይዝ ቀረ? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእኛ ነው። በችኮላ እስከ መጨረሻው ወደኋላ አልሳብነውም።

ጥቂት ሲቀረው ከቆመ ጥይቱ ረዝሟል፣ የሌላ ጠመንጃ ጥይት ነው፣ ወይም ቻምበሩ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።

እስከ መጨረሻው ሄዶ እጀታው ብቻ አልወርድ ካለ ደግሞ የቀለሃው ትከሻ በልኩ አልተስተካከለም፣ ጥርሶቹ የሚገቡበት ጎድጓዳ ቦታ ቆሽሿል፣ አለዚያም ቀለሃውን የሚጎትተው ጥፍር የጥይቱን ጠርዝ አልያዘም።

ስለዚህ ጥፍር አንድ ነገር እንጨምር። የጥንቱ ማውዘር ጥፍር ጥይቱን የሚይዘው ከካዝናው ሲወጣ ከሥር ገብቶለት ነው። አንዲት ጥይት በእጃችሁ በቀጥታ ቻምበር ውስጥ ከታችሁ መዝጊያውን ብትገፉ ጥፍሩ ጠርዙን ዘሎ ለመያዝ አልተሠራም፤ እምቢ ይላል። ብዙ ሰው "ጠመንጃው ተበላሸ" ብሎ እየመታ ጥፍሩን የሚሰብረው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጥይቱን በካዝናው በኩል አጉርሱት። በቃ።

2. ጥይቱን ጠይቁት

በርሜሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከዚያ የቀለሃው ቂጥ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። "ይመስላል" አይሠራም።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ እንስጥ። ኢትዮጵያ ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅየሙ ኤፍ.ኤን. ፋብሪካ ማውዘር ጠመንጃ ገዝታ ነበር፤ ሰው "ቤልጅግ" የሚለው። ጥይቱ 7.92 በ57 ነው። በኋላ ደግሞ ከአሜሪካ ኤም ዋን ጋራንድ መጣ፤ የእሱ ጥይት 30-06 ይባላል። ሁለቱ ጥይቶች ቂጣቸው ተመሳሳይ ስፋት ያለው ስለሆነ በዓይን ያሳስታሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው አረር 8.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖረው የሁለተኛው 7.8 ሚሊ ሜትር ነው። የቤልጅጉ ጥይት 30-06 በሆነ ጠመንጃ ውስጥ ሲገባ አንገቱ ስለሚወፍር መጨረሻው ላይ ይይዛል። እዚያ ላይ በመዳፍ የመታ ሰው ወፍራሙን አረር በጠባብ በርሜል ሊያሳልፍ ነው። የአሜሪካ የጠመንጃና የጥይት አምራቾች የልክ ደረጃ የሚያወጣው ሳሚ የተባለው ተቋም ይህንን ቅልቅል አደገኛ ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ አስቀምጦታል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሳይዝ ዝም ብሎ የሚገባው ነው። 300 ብላክአውት የሚባለው ጥይት 223 በሚተኩስ ጠመንጃ ውስጥ ሊገባና መዝጊያውም ሊዘጋ ይችላል። ሲተኮስ ግን ጠመንጃውን ይበታትነዋል። ስለዚህ መዝጊያው ስለተዘጋ ብቻ ሁሉም ነገር ሰላም ነው ማለት አይደለም። የሁለት ዓይነት ጥይት በአንድ ኪስ፣ በአንድ ቦርሳ አትያዙ።

ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ጥይቱን በጣታችሁ አሽከርክራችሁ እዩት። አንገቱ የተጨፈለቀ፣ አረሩ ወደ ውስጥ የሰመጠ፣ አረንጓዴ ዝገት ያበቀለ ከሆነ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ አትተኩሱት።

ቀላሏ መለያ ይቺ ናት፦ ከአንድ ፓኮ ውስጥ አንዷ ብቻ ካስቸገረች ጥፋቱ የጥይቷ ነው። ሁሉም ካስቸገሩና የሌላ ፓኮ ጥይትም ካስቸገረ ጥፋቱ የጠመንጃው ነው። የፋብሪካው እየገባ እቤት የተሞላው ጥይት ብቻ እምቢ ካለ የሞላው ሰው ሥራውን ይፈትሽ። ወይ አረሩ ብዙ ወጥቷል፣ ወይ ቀለሃው በልኩ አልተጨመቀም።

3. ቆሻሻውን ፈልጉ

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። መዝጊያውን አውጥታችሁ በርሜሉን ከኋላ ወደፊት ወደ ብርሃን አሻግራችሁ እዩ። ጥርት ያለ ክብ ብርሃን መታየት አለበት። ባለፈው ዓመት የተረሳ የመወልወያ ጨርቅ፣ የተሰበረ የቀለሃ አንገት፣ ጭቃ፣ በረዶ፣ የደረቀ ግራሶ... ሁሉም ይገኛል።

ቻምበሩን ለእሱ በተሠራ ብሩሽና ፈሳሽ አጽዱት፤ መጨረሻ ላይ ግን በደረቅ ጨርቅ አድርቁት። ቻምበር ውስጥ ዘይት መተው ልማድ ያደረጋችሁ ካላችሁ አቁሙ። ቀለሃው ሲተኮስ ግድግዳውን ይዞ መቆየት ሲገባው ዘይቱ ያንሸራትተዋል፤ ግፊቱ በሙሉ መዝጊያው ላይ ይመጣል። የጥርሶቹን ጎድጓዳ ቦታም አትርሱ፤ ብሩሽ የማይደርስበት እሱ ነው። ለብርድ አገር ደግሞ ወፍራም ግራሶ አይሆንም፤ ይረጋና መዝጊያውን ይይዘዋል።

ጠመንጃው ያስቸገራችሁ ልክ ካጸዳችሁት በኋላ ከሆነ መዝጊያውን ስትገጥሙ የኋላ ክፍሉ ዞሮ ይሆናል። የጠመንጃውን መመሪያ አውጥታችሁ እንደገና ግጠሙት።

4. ከዚህ በኋላ የባለሙያ ነው

ጥይቱ ትክክል፣ ጠመንጃው ንጹሕ ሆኖ አሁንም እምቢ ካለ የቀረው በመዝጊያው ፊትና በቻምበሩ መካከል ያለው ልክ ነው። ይህ በዓይን አይታይም። ባለሙያው "ጎ" እና "ኖ ጎ" በሚባሉ የብረት መለኪያዎች ይፈትሸዋል። በተለይ ያረጀ ማውዘር ያላችሁ መዝጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ከጠመንጃው ቁጥር ጋር አመሳክሩ። ካልተገጣጠመ መዝጊያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነውና ሳይለካ አትተኩሱበት። በሞረድ ማሳሳል፣ በአሸዋ ወረቀት ማሻሸት የለም!

ጥይቱ ገብቶ መዝጊያው ወደፊትም ወደኋላም እምቢ ቢልስ? በመዶሻ አትምቱ። ከአፈሙዙ በኩል ዘንግ ከታችሁ ያልተተኮሰ ጥይት አትግፉ። አፈሙዙን ደህና አቅጣጫ ይዛችሁ ባለሙያ ጋ ደውሉ። ዝም ብላችሁ መኪና ላይ እንዳትጭኑት፤ ብዙ ስቴቶች ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ በመኪና መያዝን ይከለክላሉ።

አንድ የመጨረሻ አደጋ አለ። መዝጊያውን ስትስቡ ቀለሃው ብቻ ወጥቶ ባሩዱ ከፈሰሰ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቷል ማለት ነው። ሌላ ጥይት እንዳታጎርሱ! በተዘጋ በርሜል መተኮስ ጠመንጃውንም እናንተንም ያጠፋል። የዚያ ቀን አደን አበቃ።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ፣ ጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ እንደሚጠይቅ አትርሱ። አሮጌው የአባት ጠመንጃም ቢሆን።

ሲጠቃለል፦ አፈሙዙን አዙሩ፣ ጥይቱን አውጡ፣ ቁጥሩን አንብቡ፣ በርሜሉን እዩ፣ ካልሆነ ለባለሙያ ስጡ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አጋዘኑ ቢያመልጥ ነገ ሌላ ይመጣል፤ ዓይንና ጣት ግን ተተኪ የላቸውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የፈሰሰው የማይለቀምበት ጊዜ አለ።

ለአደን የሚወጣ ወንድም፣ ባል ወይም ጓደኛ ካላችሁ ወቅቱ ሳይከፈት አጋሩት።