መብራት ሲመለስ ማን ቀድሞ ይነሣ? የሊኑክስ አስነሺዎች አለመጣጣም

ዲክሲስ ወይም አሰላ ላይ ሰርቨር የሚያስተዳድር ባለሙያ፣ ትልቅ የዳታ ማዕከል ውስጥ ከሚሠራ ባልደረባው ይልቅ ማሽን ሲነሣ ደጋግሞ ያያል። አስተማማኝ ጄኔሬተር ባለበት ቤት አንድ ሰርቨር ሳይጠፋ ዓመት ሊከርም ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት የወረዳ ከተማ ግን የመጠባበቂያ ባትሪው ሲያልቅ ማሽኑ ይጠፋል፤ መብራት ሲመለስ ደግሞ ሰው ኖረም አልኖረም ራሱን ችሎ መነሣት አለበት። ለዚህ ነው ሌላው ዓለም የባለሙያዎች ክርክር አድርጎ የሚያየው የአስነሺ ፕሮግራሞች አለመጣጣም እዚህ የዕለት ሥራ ጉዳይ የሚሆነው።

አስነሺ የምለው ከርነሉ ሥራ እንደጀመረ የሚጠራውን፣ የሂደት ቁጥር 1ን የሚይዘውንና ኔትወርኩን፣ ዳታቤዙን፣ ዌብ ሰርቨሩን የሚያስነሣውን ፕሮግራም ነው። በሊኑክስ ይህን ሥራ ለረጅም ጊዜ የያዘው ሲስቪኢኒት ነበር፤ አሠራሩን የወረሰው እ.ኤ.አ. በ1983 ከወጣው የኤቲ ኤንድ ቲ ዩኒክስ «ሲስተም ፋይቭ» ነው። ለእያንዳንዱ አገልግሎት አንድ የሼል ስክሪፕት «ኢኒት-ዲ» በሚባል ማኅደር ይቀመጣል፤ ተራውን የሚወስነው ወደ ስክሪፕቱ የሚያመለክተው አገናኝ ስም ላይ ያለው ቁጥር ነው። አሠራሩ ቀርፋፋ ነው፤ የሞተ አገልግሎትንም ተከታትሎ አያስነሣም። ግን ማንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል።

ይህን ዓይነቱን አሠራር ለመተካት ሶላሪስ 10 ኤስኤምኤፍን፣ አፕል ላውንችዲን በ2005፣ ኡቡንቱ ደግሞ አፕስታርትን በ2006 አመጡ። በ2010 ሌናርት ፖተሪንግና ካይ ሲቨርስ ሲስተምድን ይዘው ቀረቡ፤ ከሊኑክስ ስርጭቶች ፌዶራ በ2011፣ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ በ2014 ተቀበሉት። ትልቁ ፍልሚያ የነበረው ዴቢያን ቤት ነው። በፌብሩዋሪ 2014 የቴክኒክ ኮሚቴው ድምፅ እኩል ተከፈለና ሊቀመንበሩ ብዴል ጋርቢ በሚዛን ሰባሪ ድምፁ ለሲስተምድ ወሰነ፤ በቀናት ውስጥ የኡቡንቱ መሥራች ማርክ ሻትልዎርዝ ኡቡንቱም አፕስታርትን ትቶ እንደሚከተል አስታወቀ። ያልተስማሙት ተለይተው ዴቭዋንን መሠረቱ። ጄንቱና አልፓይን ኦፕንአርሲን፣ ቮይድ ደግሞ ራኒትን ይዘው ቀጥለዋል።

ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሚለካው በማዋቀሪያ ፋይል አጻጻፍ ነው። እኔ ይህን ትንሹ ችግር እለዋለሁ፤ በአንድ ከሰዓት ይታረማል። የሚከብደው ሳይጻፍ የኖረው ውል ነው፦ አንድ አገልግሎት «ተነሥቷል» የሚባለው መቼ ነው?

ጤና ሚኒስቴር በአገር ደረጃ የሚጠቀምበትን የጤና መረጃ ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ2ን እንውሰድ። ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ቶምካት በሚባል ዌብ ሰርቨር ላይ ይሠራል፣ መረጃውን በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ያስቀምጣል። በድሮው ሥርዓት ዳታቤዙ በቁጥሩ ይቀድማል፣ ቶምካት ይከተላል፤ በመካከል ያለው ዝግታ ራሱ ጥበቃ ነበር። ሲስተምድ ግን ተራ ያልተነገረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስነሣል። «ያለ ዳታቤዝ አልሠራም» የሚለው «ሪኳየርስ» ብቻውን ቅደም ተከተል አያስይዝም፤ «አፍተር»ም መጻፍ አለበት። «ኔትወርክ ታርጌት»ን መጠበቅም መስመሩ መገናኘቱን አያረጋግጥም፤ ለዚያ «ኔትወርክ ኦንላይን» የሚባል ሌላ ደረጃ አለ። ቅደም ተከተልን የመዘንጋት ስሕተት ክፋቱ ሲሞከር አለመታየቱ ነው። መብራት ድንገት ከጠፋ በኋላ ዳታቤዙ የተቋረጠ ሥራውን ከመዝገቡ እያነበበ ሲያገግም ጊዜ ይወስድበታል፤ ቶምካት ቀድሞ ደርሶ የሚወድቀው ያኔ ነው።

የዲስኩ ነገር ከዚህ ይብሳል። ለመጠባበቂያ ቅጂ የሚውል ውጫዊ ዲስክ «ኤፍኤስታብ» በሚባለው ዝርዝር ተመዝግቦ ሳለ ቢነቀል፣ ድሮ ማሽኑ ስሕተቱን አሳይቶ ያልፍ ነበር። ሲስተምድ 90 ሰከንድ ይጠብቅና በአስቸኳይ ሁነታ ይቆማል። ዴቢያን 8 በ2015 ሲወጣ ከማስጠንቀቂያዎቹ አንዱ ይኸው ነበር። ማሽኑ ዲክሲስ፣ አስተዳዳሪው አሰላ ከሆኑ፣ ኔትወርክ ስለማይኖር ከሩቅ መግባት አይቻልም፤ ያለው አማራጭ ተሳፍሮ መሄድ ነው። መፍትሔው በዝርዝሩ ላይ «ኖፌይል» የሚል አንድ ቃል መጨመር ነው። ሆኖም ጥብቅነቱን ከንቱ አልለውም፤ ዳታቤዙ ያለበት ዲስክ ሳይገናኝ ባዶ ማኅደር ላይ መጻፍ ቢጀምር ጉዳቱ የከፋ ይሆናል።

ሰዓትም አለ። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ካለቀ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የምስክር ወረቀቶችም «ጊዜያቸው ገና ነው» ተብለው ይጣላሉ። ሲስተምድ ሰዓቱን ቢያንስ እሱ ራሱ እስከተሠራበት ቀን ድረስ ወደፊት ይገፋዋል። ወደ ሌላ አስነሺ የሚሻገር ሰው ይህን የሚተካ ነገር ማሰናዳት አለበት።

በሲስተምድና በሌሎቹ አስነሺዎች መካከል ድልድዮች ተሠርተዋል። ሲስተምድ የድሮዎቹን ስክሪፕቶች አንብቦ ወደ ራሱ ቅርጽ ሲለውጥ ኖሯል፤ ኢሎጂንድ ደግሞ ከሲስተምድ ተገንጥሎ፣ የመግቢያ አስተዳዳሪውን የሚሹ ዴስክቶፖች ያለ ሲስተምድ እንዲሠሩ ያስችላል። ድልድይ ግን የራሱ አደጋ አለው። በማርች 2024 መሐንዲሱ አንድሬስ ፍሮይንድ ያጋለጠው፣ ኤክስዜድ በሚባለው የመረጃ ማመቂያ ላይብረሪ የተደበቀ ሰርጎ ገብ ኮድ ወደ ኤስኤስኤች፣ ማለትም ወደ ከሩቅ መግቢያው አገልግሎት፣ የደረሰው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። አንዳንድ ስርጭቶች ኤስኤስኤች «ተነሥቻለሁ» ብሎ ለሲስተምድ እንዲያሳውቅ የሲስተምድን ላይብረሪ አያይዘውለት ነበር፤ ያ ላይብረሪ ደግሞ ኤክስዜድን ይስብ ነበር። ለአንዲት አጭር መልእክት ያን ሁሉ ኮድ ማስገባት አላስፈለገም፤ ኦፕንኤስኤስኤች በዚያው ዓመት መልእክቱን ያለ ላይብረሪው ራሱ መላክ ጀመረ።

አሁን የሚያሳስበኝ የድሮዎቹ ስክሪፕቶች ጉዳይ ነው። በ2023 የወጣው ሲስተምድ 254 ድጋፋቸው ወደፊት እንደሚቋረጥ አስታውቋል። ስለዚህ ማሻሻያ ከመጫን በፊት «ኢኒት-ዲ»ን ከፍቶ የሲስተምድ ፋይል የሌላቸውን አገልግሎቶች መለየት ያስፈልጋል። ከዚያም በሙከራ ማሽን ላይ፣ በ«ሪቡት» ትእዛዝ ሳይሆን ሶኬቱን በመንቀል መፈተሽ ነው፤ ትእዛዙ ሁሉንም በሥርዓት ስለሚዘጋ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን አያሳይም።