ኑድሉን አትቁረጪው

የልጅ ልጄ ደረቅ ኢንዶሚ ሲቆረጥም ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። ፓኬቱን ሳይከፍት በጡጫ መትቶ ያደቀዋል፣ ቅመሙን ከላይ ይነሰንስበታል፣ ከዚያ እንደ ቆሎ እያፈሰ ይበላል። የሰፈራችን ልጅ ሁሉ እንደዚያው ነው። ሱሉልታን የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ ከእንጦጦ ማዶ፣ በጎጃም መንገድ ላይ፣ ሜዳዋ ሣር፣ ጠዋቷ ብርድና ሯጭ የሆነ አገር ናት። ወተትና ድርቆሽ ከሚጫንበት ከተማ ተቀምጦ ልጅ ጥሬ ኑድል ራት ሲያደርግ ማየት፣ ለእኔ ላሳደግኩት አያት እንደ ስድብ ነበር።

አዎ፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እናቱ፣ የመጀመሪያ ልጄ፣ በ2005 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ ለሥራ ቤሩት ስትሄድ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። ሰባት ዓመት በስልክ ብቻ ተገናኙ። እኔን «እማዬ» ይለኛል፤ እሷን ግን እንደ ጎረቤት ልጅ በስሟ ነው የሚጠራት። እሷም እኔን «እማዬ» ስለምትለኝ፣ ስልኩን ተቀባብለው ሲያወሩ የሰማ ሰው እህትና ወንድም ናቸው ሊል ይችላል።

የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ የአሠሪዎቿ ደመወዝ መክፈል ቆመ። በቤሩት ወደብ ፍንዳታው የደረሰው ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ልጄ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ ጥቅምት 2013 ላይ፣ አንድ ቦርሳ አንጠልጥላ ገባች። የብዙ ወር ደመወዟ እዚያው ቀረ። እኔ በሕይወት መምጣቷን እንጂ ሌላውን አልቆጠርኩም። ልጁ ግን በሩ ላይ ቆሞ እጅ ነሳትና ወደ ጓዳ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። «ምን ልሥራልህ?» ትለዋለች። «እማዬ ትሥራልኝ» ይላል። የሠራችውን ወጥ ቀምሶ ይተዋል። እሷ አታለቅስም፤ ተነስታ ዕቃ ታጥባለች። እኔ መሀል ሆኜ ማንን እንደምገሥጽ ግራ ገባኝ። ወላጅ ውጭ ሄዶ ልጅ ያሳደጋችሁ አያቶች ይህችን ሰዓት ታውቋታላችሁ። ልጁን አጥብቃችሁ ስለያዛችሁት ነው እንዲህ የሆነው፣ ባትይዙት ደግሞ ማን ይይዘው ነበር?

አንድ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ ፓኬቱን በጡጫ ሊመታ ሲል ደረሰችበት። ትቆጣዋለች ብዬ ጠበቅኩ። «ስጠኝማ፤ እሱ እንዲህ አይበላም» አለችና ተቀበለችው። ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቤሩት፣ እሷ ትሠራበት ከነበረው ፎቅ በላይ አንዲት ፊሊፒናዊት ትሠራ ነበር። እሁድ እሁድ ፈቃድ ሲያገኙ አብረው ያበስላሉ፤ ልጄ ዶሮ ወጥ አስተማረቻት፣ እሷ ደግሞ ፓንሲት። ፓንሲት የፊሊፒንስ ሰዎች በአትክልትና በሥጋ የሚጠብሱት ኑድል ነው።

ኢንዶሚውን ውሃ ውስጥ ጨመረች። ፓኬቱ 3 ደቂቃ ይላል። 3 ደቂቃ ሲሞላ አንዱን ዘር በሹካ አንስታ ቀመሰችና «እማዬ፣ ይሄ እኮ ጥሬ ነው፤ እዚያ ቢሆን ይሄኔ በስሏል» አለች። እዚህ ላይ እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ጡረታ እስክወጣ የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። ቤሩት ባሕር ዳር ናት፤ ውሃ እዚያ በ100 ዲግሪ ይፈላል። እኛ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃችን 92 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ መንተክተክ ይጀምራል። ቢንተከተክም ትኩሳቱ ያው ነው፤ ስለዚህ ምግቡ ጊዜ ይፈልጋል። ባቄላችን ምሽቱን ሙሉ ምድጃ ላይ የሚያድረውም ለዚሁ ነው። ልጁ ሰማ። «ታዲያ ስንት ደቂቃ ነው?» አለ። «እስቲ አንተ ያዝልኝ» አለችና ስልኳን ሰጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓት መያዝ የእሱ ሥራ ሆነ። የእኛ ምድጃ ላይ 4 ደቂቃ ተኩል ነው።

ቅመሙን ሳትጨምር ቀረች፤ እኔ ደስ አለኝ፣ ደም ግፊት አለብኝና። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ፓኬቱ ጀርባ ላይ ሶዲየም የሚለውን ፈልጉና በ2.5 አባዙት፤ የጨዉን ልክ ታገኛላችሁ። የቀኑን ግማሽ በአንድ ፓኬት ልትጨርሱ እንደምትችሉ ያኔ ታያላችሁ። ለጿሚም ሌላ ነገር አለ፤ ቅመሙ የዶሮ ይሁን የአትክልት ሳያዩ ረቡዕና ዓርብ አይከፈትም።

አሁን ብዙ ጊዜ የምንሠራው በኢንዶሚ ሳይሆን በተራ ፓስታ ነው፤ ለአምስት ሰው አንድ ግማሽ ኪሎ ፓኬት ስፓጌቲ ይበቃል። የእስያን ኑድል ቢጫና ለመጥ የሚል የሚያደርገው ሊጡ ውስጥ የሚገባ እንደ ሶዳ ያለ ጨው ስለሆነ፣ ፓስታው በሚፈላበት ውሃ ላይ ለአንድ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ብትጨምሩ ወደዚያ ይጠጋል። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ ሶዳ። አረፋው ስለሚገነፍል ትልቅ ድስት ያዙ፣ ጨው አትጨምሩ። ሲበስል አጥልሉትና ቀዝቃዛ ውሃ ድፉበት፤ እንዳይጣበቅ ነው።

እኔን ያስቸገረኝ መጥበሱ ነው። እኛ ቁሌት ስንሠራ ሽንኩርቱን በትዕግሥት፣ በቀስታ እሳት እናቁላላለን። ይሄ የዚያ ተቃራኒ ነው። ዘይቱ በጣም ይግላል፤ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባል፣ ሽታው እንደ ወጣ፣ ሳያር፣ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ካሮትና ፎሶሊያ ይከተላል፤ ጥቅል ጎመኑ መጨረሻ ላይ። ሁሉም በ5 ደቂቃ ያልቃል። «ጥሬ ነው» ብዬ ተከራከርኩ፤ «ጥሬ አይደለም እማዬ፣ ቀጥ ያለ ነው» አለችኝ። ከዚያ ፓስታው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ (እሱ ራሱ ጨው ስለሆነ ሌላ አይፈልግም)፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሲወጣ ደግሞ ሎሚ። በፍስክ ቀን እንቁላል በስሱ ጠብሳ እንደ ክር ቆርጣ ከላይ ታደርግበታለች። በጾም ሁለት ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ በሙቅ ውሃ፣ በሎሚና በሶያ ሶስ በጥብጣ ትለውስበታለች፤ እኔ የምወደው ይህንን ነው።

ስለ ደረቁ ኢንዶሚ ደግሞ አንብቤ ንዴቴ ትንሽ በረደ። ፈጣኑን ኑድል የፈለሰፈው ሞሞፉኩ አንዶ የሚባል ሰው ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ በጃፓን ሰው ለአንድ ሳህን ኑድል ብርድ ላይ ሲሰለፍ አይቶ ነበር፤ በ1958 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከቤቱ ጓሮ በሠራት ዳስ ውስጥ ሞክሮ ሞክሮ ተሳካለት። ኑድሉ ዘይት ውስጥ ሲጠበስ እርጥበቱ ይወጣና ጥቃቅን ቀዳዳ ይቀራል፤ ሙቅ ውሃው በእነዚያ ይገባል። ለካ ልጁ የሚቆረጥመው ቀድሞ የበሰለ ነገር ነው። ይህንን ግን አልነገርኩትም።

ልደቱ ኅዳር ውስጥ ነው፤ ያን ዓመት አሥር ሞላው። ድፎ ዳቦ ደፋሁ፤ እሷ ፓንሲት ልትሠራ ስፓጌቲ ገዛች። ልረዳት ብዬ፣ ድስቱ አልበቃ ሲለኝ ሁልጊዜ እንደማደርገው ፓስታውን ለሁለት ልሰብረው ስል እጄን ያዘችኝ። «እማዬ፣ አትቁረጪው!»

«ለምን?» አለ ልጁ።

በፊሊፒንስ ፓንሲት የልደት ምግብ መሆኑን ነገረችው። ርዝመቱ የዕድሜ ርዝመት ነው፤ በልደት ቀን አይቆረጥም። ቻይናዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ልጁ ትንሽ አሰበ።

«እዚያ ሆነሽ የኔ ልደት ሲሆን ትሠሪው ነበር?»

«በየዓመቱ።»

አላመናትም መሰለኝ። ስልኳን አወጣች። ሰባት ፎቶ። ሰባት ሳህን ኑድል፣ አንዳንዱ የፕላስቲክ ሳህን ላይ፣ አንዱ ላይ የኤሌክትሪክ መጥፊያ ወፍራም ሻማ ተተክሎበታል። አንድ በአንድ አያቸው። «ይሄኛው ስንተኛዬ ነው?» ይላል፣ ትነግረዋለች። ፓስታው እስኪልም ድረስ ፈላ፤ ሰዓት የያዘ ሰው አልነበረም።

ለራት ሲቀመጥ ሁለት ሳህን በላ። ሦስተኛ ሲፈልግ «ማሚ፣ ጨምሪልኝ» አላት። እኔ «ማሚ» የሚለውን ቃል አልወደውም፤ አማርኛ ምን አጥቶ ነው እያልኩ ስንቱን ተማሪ ቆጥቻለሁ። ያን ቀን ግን እንጀራዬን እየጠቀለልኩ ዝም አልኩ። «እማዬ» የእኔ ሆኖ ቀረ።

ልጁ አሁን ከእኔ ይረዝማል፤ ዓርብ ዓርብ ኦቾሎኒውን የሚበጠብጠው እሱ ነው። እኔ ሚጥሚጣ ነስንሼ በእንጀራ ነው የምበላው። እናትና ልጅ ሹካቸውን ይዘው ይስቁብኛል።