በባቡር ሄዳ በክንፏ የምትመለስ እርግብ

ከሰኞ ገበያ ዶሮ ገዝቶ ባጃጅ ውስጥ የገባ ሰው ብናይ አይገርመንም። እስኪ እርግብ ብቻ የጫነ ሙሉ ባቡር አስቡ! ለዚያውም ለሽያጭ ሳይሆን፣ ሩቅ ወስዶ ሊለቃቸው።

ከመቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ ይህ የተለመደ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የውድድር እርግብ ተለቃ የምትበረው ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ወደ ቤቷ። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ወስዶ ሊያርቃት ይገባል። እርግብ አርቢዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። መኪና ከየት ይምጣ? ያላቸው ባቡር ነው።

ለልምምድ ከሆነ ባለቤቱ አብሮ መሄድም አይጠበቅበትም። እርግቦቹን በቅርጫት አድርጎ ጣቢያ ያስረክባል። መድረሻው ላይ ያለው የባቡር ሠራተኛ ክዳኑን ይከፍታል፣ የለቀቀበትን ሰዓት ቅርጫቱ ላይ በታሰረው ወረቀት ይጽፋል፣ ባዶውን ቅርጫት በባቡር ይመልሳል። (እርግቦቹ ከቅርጫታቸው ቀድመው ቤት ይገባሉ ማለት ነው።)

ለትልልቅ ውድድሮች ግን ልዩ ባቡር ነበር። አየር እንዲገባ ተደርገው የተሠሩ ፉርጎዎች ነበሩት፤ እህልና ውኃ የሚሰጡ ጠባቂዎችም አብረው ይጓዛሉ። ከሰሜን እንግሊዝ ተነስተው ባሕር ተሻግረው ፈረንሳይ ድረስ የሚወሰዱም ነበሩ። የሚለቀው ሰው ኃላፊነቱ ከባድ ነው፤ ጭጋግ ውስጥ ከለቀቃቸው ብዙዎቹ ጠፍተው ሊቀሩ ይችላሉ።

አሸናፊዋ መጀመሪያ ቤት የገባችው ናት? አይደለም። ወደ እኛ እናምጣው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሃራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደ 392 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር አለን። እርግቦችን ከኮምቦልቻ ጣቢያ ጭነን አዋሽ ላይ ለቀቅናቸው እንበል። የኮምቦልቻዋ ቀድማ ብትገባ አያስደንቅም፣ የደሴዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይጨምርባታል። ስለዚህ ርቀቱ ለወሰደባት ጊዜ ይካፈላል፤ ፍጥነቷ የበለጠው ታሸንፋለች። የደሴን ዳገት ግን ማንም አያስብላትም!

ሰዓቱን ለመያዝ እግሯ ላይ የጎማ ቀለበት ይደረጋል። ስትደርስ ባለቤቱ ቀለበቱን አውልቆ ማኅበሩ ባሸገው ሰዓት ውስጥ ይከታል፤ ሰዓቱም የገባበትን ደቂቃ ያትማል። አበሳው እዚህ ጋ ነው። እርግቧ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርራ መጥታ ጣሪያ ላይ ቁጭ ካለችስ? ካልተያዘች አልደረሰችም። ሰውየው ጥሬ በጣሳ እያንኳኳ "ነይ፣ ነይ" ሲል የውርርድ ገንዘቡ ከደቂቃው ጋር ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1963 በእንግሊዝ አንድ የመንግሥት ሪፖርት ከ2,000 በላይ ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ አቀረበ። ብዙዎቹ የመንደር ጣቢያዎች ተዘጉ፣ ቅርጫት ከፋቹ ሠራተኛም አብሮ ቀረ። ዛሬ እርግቦቹ የሚሄዱት በጭነት መኪና ነው፤ የሁሉም ሳጥን በሮች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ፣ ቀለበቱን ደግሞ እግራቸው ላይ ያለ ቺፕ ተክቶታል። ጣሪያ ላይ የምትቀመጠዋ ግን አሁንም አለች፤ ቺፑ የሚነበበው መግቢያው ላይ ስትረግጥ ነው።